ምክትሏ የላከችው ቪዲዮ

ተማሪዎቹ «እትዬ ቅርጫት» ይሏታል። ፊት ለፊቷ አይደለም እርግጥ፤ ፊት ለፊቷ «ቲቸር» ናት። ስሙ የወጣላት ምክትል ርዕሰ መምህርት በሆነች በሁለተኛው ወር፣ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ቅርጫት ገዝታ ከክፍል ክፍል እየዞረች ስልክ መልቀም የጀመረች ጊዜ ነው። ቅርጫቱን በክንዷ አንጠልጥላ ኮሪደሩ ላይ ብቅ ስትል ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ቦርሳ የመዝጋትና ኪስ የመጎርጎር ድምፅ ይሰማል። አንዱ ቀልደኛ «ቲማቲም ልትገዛ መጣች» ይላል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ እሷ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። እውነቱን ለመናገር ስሙን አትጠላውም ነበር። የሚፈሩት ሰው ነው ስም የሚወጣለት ብላ ታስብ ነበር።

ምክትል ከመሆኗ በፊት አስራ ዘጠኝ ዓመት ሂሳብ አስተምራለች። ነገር ሁሉ በመስመሩ ሲሄድ ደስ የሚላት ሰው ናት። የተለቀመው ስልክ ላይ ስምና ክፍል የተጻፈበት ወረቀት በላስቲክ ይታሰራል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ ዓርብ ዓርብ ወላጅ ራሱ መጥቶ ይወስዳል። የወላጆች ስብሰባ ላይ ስትናገር ደግሞ አዳራሹ ጭጭ ይላል። «ልጆቻችሁን እያሳደገላችሁ ያለው ስክሪን ነው» ስትል፣ ስንት ጎምቱ አባት አንገቱን ይደፋል። ልጅ በስልክ መጎዳቱ የሚታወቅባቸውን ሰባት ምልክቶች የጻፈችበት ወረቀት ነበራት፤ አባዝታ ታድላለች። ወላጆች ቁጥሯን ወስደው በእረፍት ቀንም ይደውሉላታል። ለሁሉም ትመልሳለች። የወላጆች ግሩፕ፣ የመምህራን ግሩፕ፣ የኃላፊዎች ግሩፕ፣ በጠቅላላው ሰባት ግሩፕ ውስጥ አለች። ስልኳ ከእጇ አይለይም። «ሥራ ነው» ትላለች። ከቤት ቤት እየዞረ የመብራት መስመር የሚጠግነው ባሏ ቀልድ ያውቃልና «አንቺ እቤት ስትገቢ መጀመሪያ ስልክሽ ነው የሚገባው፤ ከዚያ አንቺ ትከተዪዋለሽ» ይላታል። ትስቃለች። ስልኩን ግን አታስቀምጥም።

አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ የአስራ አምስት ዓመት ሴት፣ እዚያው እናቷ ትምህርት ቤት አስረኛ ክፍል። አባቷ «ጭራሮ» ነው የሚላት፤ አንድም ቀጭን ስለሆነች፣ አንድም ቶሎ ስለምትቀጣጠል። ስታወራ ማንም አያቋርጣትም፣ ስትስቅ ከጎረቤት ትሰማለች። በዚያ ዓመት ግን ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ወር ገደማ ልጅቷ ጠፋች። አካሏ አለ፤ እሷ የለችም። ከትምህርት ቤት መጥታ በቀጥታ ወደ ክፍሏ ትገባና በሩን ትዘጋለች። ስልኳን ብርጭቆ ላይ አስደግፋ ነው የምትበላው፤ አንሺው ከተባለች ምግቡን ትታ ትነሳለች። ጠዋት ዓይኗ ደም መስሎ ትወጣለች። እሑድ ሲመሽ ሆዷን ያማታል። በሂሳብ፣ በእናቷ ትምህርት፣ ከሰማንያ ስምንት ወደ ሃምሳ አንድ ወረደች። ምን ሆንሽ ስትባል መልሷ አንድ ነው፤ «ምንም።»

እናት ይህን ዝርዝር በቃሏ ታውቀዋለች፤ ራሷ የጻፈችው ወረቀት ላይ ያለ ነው። ከሰባቱ ምልክቶች ስድስቱን አንድ ቀን እራት ላይ ልጇ ፊት ተቀምጣ በልቧ ቆጠረች። ቆጥራ ስትጨርስ መጀመሪያ የመጣባት ስጋት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይህ ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። መጀመሪያ የመጣባት እፍረት ነው። ሰው ቢሰማ ምን ይላል? የእትዬ ቅርጫት ልጅ! በማግስቱ የአስረኛ ክፍልን የሂሳብ አስተማሪ ቢሮዋ ጠርታ፣ የልጇ ውጤት በመምህራን ክፍል እንዳይወራ ለመነችው። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ያ ንቅናቄ ሳምንቱን ሙሉ ከነከናት።

ነገሩ የፈነዳው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ባሏ ሥራ ላይ ነበር። እሷ የደረቀ ልብስ አጣጥፋ ወደ ልጇ ክፍል ስትገባ ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል፤ ልጅቷ ግን ሌሊት በተኛችበት ልብስ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልላ ስልኳ ላይ አፍጥጣለች። ተነሺ አለቻት። መልስ የለም። ደገመች። ልጅቷ ዓይኗን ሳታነሳ «እሺ ቆይ» አለች። እናት ልብሱን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችና ስልኩን ከእጇ መንጭቃ ወሰደችው።

ልጅቷ እንደዚያ ትሆናለች ብላ አላሰበችም። ወንበር ገለበጠች፣ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ጎተተች፣ በሩ ላይ ተንበርክካ ለመነች። አፍንጫዋ ይፈስሳል፣ የሌሊት ልብሷ እጅጌ ተተርትሯል፣ ድምፅዋ ተሰነጣጥቋል። «እማዬ ስጪኝ፤ እሱ ከሌለ እኮ ማንም የለኝም» ትላለች፣ ደግማ ደጋግማ። እናትም በዚያ ሰዓት ያደረገችውን፣ ከዚያ በኋላ በስንት መንገድ ለራሷ ልታስረዳ ሞክራ ያልቻለችውን አደረገች። የራሷን ስልክ ከኪሷ አውጥታ ልጇ ላይ ደገነች። «ራስሽን እዪው እስቲ! ምን እንደምትመስዪ እዪው!» አለች። አርባ ሁለት ሰከንድ ቀረጸች። ልጅቷ እየተቀረጸች መሆኑ የገባት መጨረሻው ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ጸጥ አለችና በእጆቿ ፊቷን ሸፈነች። እናት ያንን ጸጥታ እንደ ድል ቆጠረችው።

ቪዲዮው ለልጅቷ ራሷን ለማሳየት ነበር፤ ቢያንስ እናትየው እንደዚያ ብላለች። ግን እሑድ ረፋድ ላይ ሽንኩርት እያቁላላች ሳለ በወላጆች ግሩፕ መልእክት ገባ። ዓርብ መምጣት ስላልቻለ የልጁ ስልክ ከረቡዕ ጀምሮ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈበት አንድ አባት ነው። «የሰው ልጅ መቅጣት ቀላል ነው። ምክትሏ እስቲ እሳቸው ቤት ያለውን ያሳዩን» ብሎ ጽፏል። ሁለት ሰው ሳቅ ለጥፎበታል። ደሟ ፈላ። ረጅም መልስ ጻፈች፣ አጠፋችው፣ እንደገና ጻፈች። በመጨረሻ «እኔም እናት ነኝ። ችግሩ እኔም ቤት ገብቷል። ይኸው፣ አልደበቅሁም» ብላ ቪዲዮውን ላከችው።

ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወዲያው አነሳችው። አራት ደቂቃ ሳይሞላ ጭብጨባና ልብ ይዘንብላት ጀመር። «ጀግና እናት»፣ «እንደርስዎ ግልጽ ሰው አላየንም»፣ «አስለቀሱኝ፣ የኔም ቤት እንደዚሁ ነው»። ያ አባት ድምፁ ጠፋ። ሽንኩርቱ አረረ። እስከ ምሳ ድረስ መቶ አስራ አራት ልብ ቆጠረች፤ አዎ፣ ቆጥራለች። ለሰው ልጆች ትምህርት ይሆናል ብላ ለራሷ ነገረች። ልጅቷ ከግድግዳው ወዲያ ነበረች፤ ስልኳ ስለተወሰደባት፣ ያን ቀን በትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ መካከል ነገሩን ያላወቀችው እሷ ብቻ ናት።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ እንደ ወትሮዋ ቀድማ ወጣች። አብረው መሄድ ካቆሙ ቆይቷል። ምክትሏ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ቅርጫቷን ይዛ ዘጠነኛ ሐ ገባች። ኋላ፣ መስኮቱ ጥግ፣ አራት ራሶች አንድ ዴስክ ስር ተደፍተዋል። ሄዳ ቆመችባቸውና እጇን ዘረጋች። ስልኩን የያዘችው ልጅ ደንግጣ ሳትዘጋው ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችው።

ከቅርጫቱ ውስጥ የልጇ ድምፅ ወጣ። «እማዬ ስጪኝ፤ እሱ ከሌለ እኮ ማንም የለኝም።» አንድ ሰው ከስሩ የጭፈራ ሙዚቃ ጨምሮበታል። «ማንም የለኝም፣ ማንም፣ ማንም የለኝም» ይላል በምቱ ላይ። ቀጥሎ የራሷ ድምፅ መጣ፤ «ራስሽን እዪው እስቲ፣ እዪው፣ እዪው።» ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።

ክፍሉ አልሳቀም። ቢስቁ ኖሮ ትቆጣ ነበር፤ ቁጣ ይይዛት ነበር። ሁሉም ዴስካቸውን ያያሉ። እጇን ቅርጫቱ ውስጥ ከትታ በስልኮቹ መካከል ታምሳለች፣ የትኛው እንደሆነ አልለይ አላት። በመጨረሻ ስልኩ የተወሰደባት ተማሪ ራሷ ከመቀመጫዋ ተነስታ መጣችና፣ አንዱን አውጥታ አጠፋችው።

«ይቅርታ ቲቸር» አለች በቀስታ። «እኔ አይደለሁም የሠራሁት። ለሁሉም ነው የደረሰው።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም ቲቸር።»

ቅርጫቱን አስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ትታው ወጣች። አስረኛ ለ ስትደርስ የልጇ መቀመጫ ባዶ ነው፤ ቦርሳዋ ብቻ ተቀምጧል። መምህሩ ልጅቷ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሽንት ቤት ብላ እንደወጣችና እንዳልተመለሰች መሬት መሬት እያየ ነገራት። ለምን አልነገርከኝም ልትለው አልቻለችም። ያልነገራት ለምን እንደሆነ ገብቷታል፤ እሱም አይቶታል። ዘበኛው ማንም አልወጣም አላት። ሽንት ቤት አየች፣ ቤተ መጻሕፍት አየች፣ የአዳራሹን መድረክ ጀርባ አየች። በየደረሰችበት ወሬ ይቆማል። በመጨረሻ ከላቦራቶሪው ኋላ ያለው የጽዳት ሠራተኞች ዕቃ ቤት ጋ ደረሰች። በሩ ገርበብ ብሏል። ሁሉም «እማማ» የሚሏቸው አሮጊቷ የጽዳት ሠራተኛ ወጡና በሩን ከኋላቸው ይዘው ቆሙ።

«እዚህ ናት?»

«እዚህ ናት።»

ልትገባ ተራመደች። እማማ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

«አይቆጡኝ መምህርት፣ ‹እናቴን አታስገቢያት› ብላኛለች። በኔ ስልክ ለአባቷ ደውላለች። እየመጣ ነው።»

የትምህርት ቤቱ በር ሁሉ ቁልፍ በኪሷ ያለ ሴት፣ መወልወያና ባልዲ የሚቀመጥበት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆማ ቀረች። ከውስጥ ሳግ ይሰማል። «ልጄ» አለች በበሩ ስንጥቅ። ሳጉ ቆመ፤ እስትንፋሱም የቆመ መሰላት። ሁለተኛ አልተጣራችም። እማማ አንድ በርጩማ አወጡላት። አልተቀመጠችም።

ባሏ መጣ፤ ፒንሳው ገና ከኋላ ኪሱ አልወጣም። በአጠገቧ አልፎ ገባ። ጃኬቱን ልጁ ራስ ላይ ጥሎ፣ አቅፏት በጓሮው በር ወሰዳት። ሰዓቱ የእረፍት ሰዓት ሆኖ ነበርና ፎቁ ላይ ተማሪዎች መስኮት ላይ ተደርድረዋል። ሁለት ሦስት ስልክ ከፍ ሲል አየች። «አውርዱ» ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። በምን አፏ?

ያን ዕለት ቤት ስትገባ ባሏ ቪዲዮውን አሳዪኝ አላት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ አየው። ሳይቆጣ፣ ሳይጮህ ጠየቃት። «አንቺ እንደዚህ ስታለቅሺ እኔ አንስቼ ለሰው ብልክሽ፣ ምን ትዪኝ ነበር?» ጥያቄውን አልደገመውም። ቢሰድባት በተሻላት ነበር።

ግሩፑ ላይ እባካችሁ አጥፉት ብላ ጻፈች። አጠፉ። ያ ያበሳጫት አባት ሳይቀር ደወለላት፤ ከስልኩ ላይ እንዳጠፋ፣ ይህ ይሆናል ብሎ እንዳልጻፈ እየተንተባተበ ነገራት። እሱም አፍሮ ነበር። ነገር ግን እዚህ ሲጠፋ እዚያ ይወጣል፤ በሳምንቱ የሌላ ትምህርት ቤት መምህር የሆነች የድሮ ጓደኛዋ «ይህቺ ልጅ ያንቺ ትመስላለች» ብላ ያንኑ ቪዲዮ ላከችላት።

ልጅቷ ትምህርት ቤት መሄድ አቆመች። እናቷ ባለችበት አትበላም። እናት ኩሽና ስትገባ እሷ ትወጣለች፤ በንዴት አይደለም፣ ገና የተወለወለ ወለል እንደሚሸሽ ሰው በቀስታ፣ በጥንቃቄ። በር እንኳ ወርውራ አትዘጋም። እናት በሩ ውጭ ምግብ አስቀምጣ ትሄዳለች፣ ትደበቃለች፣ ሰሃኑ ሲነሳ ትሰማለች። በቀን ስምንት መቶ ተማሪ የምታዝ ሴት በገዛ ቤቷ በእግሯ ጣት መራመድ ጀመረች።

በአስረኛው ቀን አንድ መላ መጣላት። በሰልፍ ሰዓት፣ ስምንት መቶ ተማሪ ፊት፣ ልጇን ይቅርታ ልትጠይቅ ወሰነች። ቁጭ ብላ ሁለት ገጽ ጻፈች። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ እየጻፈች ራሷን አስለቀሳት። ልብሷን ተኮሰች። ባሏ ነገሩን ለልጁ ሳይነግራት አላለፈም። በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ከክፍሏ ወጥታ ሳሎኑ በር ላይ ቆመች። በአስራ አንድ ቀን ውስጥ ለእናቷ ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ለማን ነው የምታነቢው?»

«ለተማሪዎቹ። አንቺን ይቅርታ ልጠይቅሽ።»

«እኔ እኮ እዚያ የለሁም» አለች ልጅቷ። ቆይታም፣ «ደግሞ ስለኔ ልታወሪ ነው። እነሱ ደግሞ ያጨበጭቡልሻል» አለች።

ተመልሳ ገባች። እናት በቆመችበት ቀረች፤ ፊቷ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ምክንያቱም ልጅቷ ልክ ነበረች። ሁለተኛውን ገጽ ስትጽፍ፣ መጨረሻው መስመር ላይ፣ ጭብጨባውን በጆሮዋ ሰምታው ነበር። የምታፍርበትን ነገር ልታጥብ ተቀምጣ፣ እዚያው ላይ ሌላ መመስገኛ ስትሠራ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ለማንም አላነበበችውም።

ልጅቷን ጤና ጣቢያ የወሰዳት አባቷ ነው። የአእምሮ ጤና ነርሱ ትልቅ መነጽር ያደረገ፣ ጉንፋን የማይለቀው፣ በየአረፍተ ነገሩ መሀረብ የሚፈልግ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ከልጅቷ ጋር ብቻ ተነጋገረ። በሦስተኛው፣ ልጅቷ እሺ ስትል፣ እናት ተጠራች። መጀመሪያ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቀች። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ማንን ይዘሽ መጣሽ ስትላት «ልጄን» አለች። ምን ሆና ስትባል ሰዓቷን አየች።

ነርሱ ልጅቷ ንገራት ያለችውን ብቻ ነው የነገራት። ልጅቷ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ጓደኛ ነበረቻት፤ ያቺ ጓደኛ ዓመቱ በተጀመረ በመጀመሪያው ወር ከቤተሰቧ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። እናት ያን ጊዜ ትዝ አላት። የመልቀቂያውን ወረቀት የፈረመችው፣ ማኅተም የመታችው እሷው ናት። «መልካም ዕድል» ብላ የዚያችን ልጅ ትከሻ ነካ አድርጋለች። ያን ዕለት ማታ ቤቷ ገብታ ልጇን ምንም አልጠየቀቻትም፤ ግሩፕ ላይ ጥያቄ ስትመልስ ነበር። ጓደኛዋ ከሄደች በኋላ ልጅቷ የተጠጋቻቸው ሦስት የክፍሏ ልጆች እሷን ያላስገቡበት ግሩፕ ከፍተው፣ እዚያ ባወሩት ጠዋት ጠዋት እሷ ፊት ይስቃሉ። የቀረቻት ያቺ ሩቅ ያለችው ናት። እሷም አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ጓደኛ አግኝታ መልሷ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄደ። መልስ እስኪመጣ ልጅቷ ስልኳን ትገልጣለች፤ የሰው ፊት፣ የሰው ልብስ፣ የሰው ሳቅ ታያለች፣ ከዚያ መስታወት ታያለች። እንዲህ እያለች ይነጋል።

«ስልኩ አልጎዳትም አልልዎትም» አለ ነርሱ አፍንጫውን እየጠረገ። «ጎድቷታል። በቀን ሦስት ሰዓት ነው ስትተኛ የነበረው፤ በዚያ ላይ ያየችውን ሁሉ ከራሷ ጋር ታስተያያለች። እርስዎ የሚሉት ስህተት አይደለም። ግን ያን ቅዳሜ የወሰዱባት ስልክ ውስጥ አንድ ሰው ነበረ። እሱን አልጠየቋትም።»

ቀጥሎ አንድ ነገር ጠየቃት፤ ባለፈው ወር ስልክ ሳትይዝ ከልጇ ጋር የተቀመጠችበትን ቀን። «ሁልጊዜ» ልትል ነበር። ልጅቷ መሬት እያየች ራሷ መለሰችላት።

«እሑድ እሑድ ጸጉሬን ስትሠሪኝ» አለች። ነርሱ ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷ ጨመረች፣ «እሱም ግሩፑ ሲጠራ ታቆሚዋለሽ። አንዳንዴ ግማሹ ሳይሠራ ይቀራል።»

እናት ያን ጊዜ ማልቀስ ቃጣት፤ ዋጠችው። እዚህም ማልቀስ ነገሩን ወደ ራሷ መሳብ መሰላት። ያላትን ብቻ ተናገረች።

«ለትምህርት ብዬ አይደለም የላክሁት። ለሰው ልጆች ብዬም አይደለም። ሰውየው ስለሰደበኝ ነው። ራሴን ላድን ብዬ አንቺን ሰጠሁ።»

ልጅቷ ቀና አላለችም። «አውቃለሁ» አለች።

ከዚያ የሆነው በአንድ ቀን የሆነ አይደለም። ምክትሏ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገብታ ከኃላፊነት አውርደኝ አለችው። ሰውየው ደነገጠ፤ ደንቡ ጥሩ ነው፣ የክፍል ውጤት እንኳ ተሻሽሏል፣ ሰው ይረሳዋል እያለ ለመናት። «ደንቡ ይቆይ። እኔ ልውረድ» አለች። ምክንያቱን አላብራራችም፤ ማብራራት ስለ ልጇ ማውራት ይሆናልና። ወደ ሂሳብ ክፍሏ ተመለሰች። ጥቁር ሰሌዳው ፊት ስትቆም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጀርባዋ ሹክሹክታ በተሰማ ቁጥር ጠመኔው ከእጇ ይንሸራተት ነበር። ዞራ ግን ማነው አላለችም።

ልጅቷ በሁለተኛው መንፈቅ ከተማው ሌላ ጫፍ ያለ ትምህርት ቤት ገባች፤ ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል። ስልኳ ተመለሰላት። ሦስቱ ተቀምጠው ተስማሙ፤ ከእራት ጀምሮ የሦስቱም ስልክ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ያድራል። ከሦስቱ የከበደው ለእናት ነው። እጇ ሳታዘው ኪሷ ይገባል፣ ባዶውን ይወጣል፤ ባሏ አይቶ ይስቃል፣ ልጅቷ አይታ እንዳላየች ትሆናለች። እናት ከሰባቱ ግሩፕ ከአምስቱ ወጣች። ለጓደኛዋ ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች፤ መልስ እየጠበቁ ከማደር ሰዓት ቆርጦ መደወል ይሻላል ያለው ነርሱ ነው። እንቅልፏ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሳቋ ገና ነው።

አዲሱ ትምህርት ቤትም ነገሩ ደረሰ። በሁለተኛው ወር አንዲት ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ «ማንም የለኝም» ብላ በዜማ አንጎራጎረችባት። ልጅቷ ቤት መጥታ ለአባቷ ነገረችው። እናት ከማዶ ክፍል የተማሪ ፈተና እያረመች ሰማች። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆመና ቀይ ነጥብ ሠራ። ተነስታ አልሄደችም፤ አልተጠራችም። ልጅቷ በማግስቱ ቦርሳዋን አንግታ ሄደች።

አንድ ቀን ደግሞ መንገድ ላይ አንዲት እናት አስቆመቻት። ከድሮው ግሩፕ ናት። እጇን በሁለት እጇ ይዛ፣ ያ ቪዲዮ ለሷ ትልቅ ትምህርት እንደሆናት፣ እንደዚያ ያለ ድፍረት እንዳላየች ታመሰግናት ጀመር። የሷም ልጅ አስቸግራለች፤ ምን ይመክሩኛል አለቻት። መምህርቷ የምትገባበት ጠፋት። ሰው እያለፈ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ሴትየዋ ፊቷ በደግነት ያበራል።

«እኔን አይጠይቁኝ» አለች በመጨረሻ። «እሷን ይጠይቋት። ዝም ብለው ደግሞ ይስሟት።»

ሴትየዋ ይህ ትሕትና መስሏት የባሰ አመሰገነቻት። መምህርቷ ያንን ምስጋና ተሸክማ እስከ ቤቷ ሄደች፤ የሚጣልበት ቦታ አልነበረም።

ቤት ስትደርስ ልጅቷ ጓሮ ልብስ እያጠበች ነው። አንሶላ ብቻዋን መጭመቅ አቅቷት በክንዷ ላይ ጠቅልላዋለች፣ ውሃው በክርኗ ይወርዳል። እናት ልርዳሽ ብላት ትሄድብኛለች ብላ ፈርታ በሩ ላይ ቆመች። ልጅቷ አየቻት፣ አንሶላውንም አየች፣ አንዱን ጫፍ ዘረጋችላት።

«ያዢልኝ።»

አንዷ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ ጠመዘዙት። ልጅቷ ዓይኗን አንሶላው ላይ እንዳደረገች ተናገረች።

«አሁን አልጠላሽም። ግን የሆነ ነገር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምነግረው ላንቺ አይደለም። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«ምናልባት በኋላ።»

«እሺ» አለች እናት። ሌላ ቃል አልጨመረችም። አንሶላውን አንድ ጊዜ ደግመው ጠመዘዙትና ገመዱ ላይ ሊያሰጡት ሄዱ።